ሦስተኛ ቱዊተር ከመግዛታችሁ በፊት ክሮስኦቨሩን እዩት

ባለፈው ክረምት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ሁለት ስፒከር በባጃጅ ጭነው ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቱዊተር ይበላል» አሉኝ። ቱዊተር ማለት ሳጥኑ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ነው። እውነታቸውን ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀይሮለታል፣ ሦስቴም ተቃጥሏል። ሳጥኑን ከፈትኩት። ፋብሪካው የሠራው ክሮስኦቨር፣ ማለትም ድምፁን ለትልቁና ለትንሹ ስፒከር የሚያከፋፍለው ክፍል የለም። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ነቅሎ ጥሎታል። በምትኩ አንዲት 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከቱዊተሩ ጋር በስታኞ ተያይዛለች፣ ትልቁ ስፒከር ዉፈሩ ደግሞ ከጀርባው ተርሚናል ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል። ሌላ ምንም የለም።

እንዲህ ያለ ስፒከር አዳማ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቱ ቱዊተሩን ይወቅሳል፣ አንዳንዴ መብራቱን፣ አንዳንዴ አምፑን (ድምፅ ማጉያውን)። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ክሮስኦቨሩን ነው። ስለዚህ ለጋሼ ስፒከር የሠራሁትን ከነቁጥሩ ልንገራችሁ። መልቲሜትር፣ ካውያ፣ ስልክና ትዕግስት ካላችሁ እናንተም ትሠሩታላችሁ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዉፈር ትልቅና ከባድ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ይሠራል። ቱዊተር ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር ብዙ የማይወፍር፣ ትንሽና ስስ ነገር ነው። ቤዝ ከደረሰበት ይሞቃል፣ ይንገጫገጫል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ክሮስኦቨር ድምፁን ለሁለት ይከፍለዋል። ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያግዳል። ኮይል፣ ማለትም የተጠመጠመ ሽቦ፣ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከአምፑ የሚመጣው ሙዚቃ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይዘልቃል። ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግረን ቁጥር ነው፣ ፍሪኩዌንሲ የምንለውም እሱን ነው። እኛ የምንወስነው የቱ ጋ እንደምንከፍለውና ከዚያ በታች ያለውን ከቱዊተሩ ላይ ምን ያህል አጥብቀን እንደምንቆርጠው ነው።

የጋሼን ቱዊተሮች የበላቸው ይሄ «ምን ያህል አጥብቀን» የሚለው ነገር ነው። 10 ማይክሮፋራድ ብቻዋን ከ8 ኦም ቱዊተር ጋር ስትሆን (ኦም ዕቃው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው) ከ2000 ኸርዝ ገደማ ጀምራ መቀነስ ትጀምራለች፣ ግን በዝግታ። በ1000 ኸርዝ ከአምፑ ቮልቴጅ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አሁንም ቱዊተሩ ጋ ይደርሳል። በኃይል ካሰባችሁት አንድ አምስተኛው ነው። በ3000 ኸርዝ ላይ አንድ ካፓሲተርና አንድ ኮይል ስናደርግ ግን በ1000 ኸርዝ የሚደርሰው ቮልቴጅ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፣ ኃይሉም አንድ መቶኛ። ከአንድ አምስተኛ ወደ አንድ መቶኛ! ቱዊተሩ በሕይወት የሚቆየው በዚህች ልዩነት ነው።

እኔ ለቤት ስፒከር የምወደው አሠራር ሊንክዊትዝ-ራይሊ የሚባለው ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ጉዳዩን ጽፎ ካሳተመው የሁዌት ፓካርድ መሐንዲስ ከሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ እና ከሥራ ባልደረባው ከራስ ራይሊ የመጣ ነው። ቀላሉ ዓይነት ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ካፓሲተርና አንድ ኮይል ብቻ ይፈልጋል። ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ቱዊተሩ ላይ እስከ 12 ዲሲቤል እየቀነሰ ይሄዳል። ስሌቱም ቀላል ነው። ካፓሲተሩን በማይክሮፋራድ ለማግኘት 79,600ን ለፍሪኩዌንሲውና ለኦሙ ብዜት አካፍሉ። ኮይሉን በሚሊሄንሪ ለማግኘት 318ን በኦሙ አባዙና ለፍሪኩዌንሲው አካፍሉ። በ3000 ኸርዝና በ8 ኦም ካፓሲተሩ 3.3፣ ኮይሉ 0.85 ይመጣል። ለዉፈሩም ለቱዊተሩም ዋጋቸው አንድ ነው፣ የሚለያየው ቦታቸው ብቻ ነው።

3000 ኸርዝን ለምን መረጥኩ? የጋሼ ዉፈር 6.5 ኢንች ነው፣ ቱዊተሩ 1 ኢንች። እያንዳንዱ ቱዊተር በራሱ አለቅጥ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ አለው፣ ሬዞናንስ ይባላል። የመክፈያው ነጥብ የዚያ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። የዚህኛው 1300 ገደማ ነበር። ስለዚህ ከ2600 በታች መውረድ አልፈለግኩም። ከ3000 ብዙ ብወጣ ደግሞ ዉፈሩ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ መወርወር ይጀምርና ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላ ሙዚቃ ይሰማል። 8 ኢንች ዉፈር ካላችሁ ይሄ ችግር ቶሎ ስለሚመጣ ወደ 2000 ዝቅ ማለት፣ ለዚያ የሚሆን ጠንካራ ቱዊተርም መፈለግ ይሻላል።

8 ኦም የሚለውን ጽሑፍ አትመኑት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ለዓመታት ተሳስቻለሁ። የዉፈሩ ጀርባ ላይ 8 ኦም ተብሎ ተጽፏል። ሰው ያንን ቁጥር ወስዶ ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ውስጥ ይከታል፣ የወጣውን ዕቃ ይገዛል፣ ከዚያ ድምፁ ጆሮ ሲወጋ ዕቃው ፎርጅድ ነው ይላል። ዕቃው ላይ ችግር የለም። ስሌቱ ዉፈሩን እንደ ሬዚስተር፣ ማለትም ኦሙ በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ እንደማይለዋወጥ ዕቃ ነው የቆጠረው፣ ዉፈር ግን ሬዚስተር አይደለም። ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ ስለዚህ ራሱም ኮይል ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ኦሙም ይጨምራል። እናንተን የሚያገባችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈው ኦም አይደለም፣ በመክፈያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው ኦም ነው።

እሱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ ቶን የሚያወጣ አፕ ጫኑና ከአምፑ ጋር አገናኙት። ከአምፑ መውጫ በአንዱ ሽቦ መሀል 10 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር አስገቡና ከዉፈሩ ጋር በተከታታይ አያይዙ። ቶኑን 3000 ኸርዝ አድርጉ። ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሬዚስተሩ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል እስኪታይ። መልቲሜትሩ ኤሲ ቮልት ላይ ይሁን። አሁን የሬዚስተሩን ቮልት ጻፉ፣ ከዚያ የድምፁን ቁልፍ ሳትነኩ የዉፈሩን ቮልት ጻፉ። የዉፈሩን ለሬዚስተሩ አካፍሉና በ10 አባዙት። እሱ ነው እውነተኛው ኦም።

«ርካሽ መልቲሜትር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ኤሲ ቮልትን በትክክል አያነብም» ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ለክተን የምናካፍለው። ሁለቱንም በአንድ ፍሪኩዌንሲና በአንድ ሬንጅ ስለምንለካ ስህተቱ ሁለቱም ላይ በእኩል መጠን ይገባል፣ ስናካፍለው ይጠፋል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በዉፈሩ ቦታ 22 ኦም ሬዚስተር አድርጋችሁ ሞክሩት። 22 አካባቢ ካመጣ እመኑት።

የጋሼ ዉፈር ሬዚስተሩ ላይ 0.50፣ ራሱ ላይ 0.72 አሳየኝ። ማለትም 14.4 ኦም። ጀርባው ላይ 8 የተጻፈበት ዕቃ! እንዲሁ 0.85 እና 3.3 ባስርለት ኖሮ ካፓሲተሩና ኮይሉ እርስ በርስ እየተገፋፉ 3000 አካባቢ ድምፁን ከመቀነስ ይልቅ ጉብ ያደርጉት ነበር። ያ ጉብታ ነው ጆሮ የሚወጋው። የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያ አካባቢ በጣም ንቁ ነው።

መፍትሔው ዞቤል የሚባል ነገር ነው። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር በተከታታይ ይታሰሩና ሁለቱ አንድ ላይ የዉፈሩ ቀይና ጥቁር ላይ ይጋደማሉ። ሥራቸው ዉፈሩን እንደ ሬዚስተር እንዲታይ ማድረግ ነው። ሬዚስተሩ የዉፈሩ የዲሲ ኦም በ1.25 ተባዝቶ ነው። የጋሼ ዉፈር በመልቲሜትር ኦም ላይ 6 አለ፣ ስለዚህ 7.5። ለካፓሲተሩ መጀመሪያ የዉፈሩን ኮይልነት ማወቅ አለብን። 14.4 በራሱ ሲባዛ 207፣ 6 በራሱ 36፣ ልዩነቱ 171፣ ስኩዌር ሩቱ 13። በ3000 ኸርዝ ይህንን ለ18.85 (6.28 በ3 ሺህ ኸርዝ 3 ሲባዛ) ስናካፍል 0.7 ሚሊሄንሪ ያህል፣ ማለትም 700 ማይክሮሄንሪ ይሆናል። 700ን ለ7.5 ስኩዌር ማለትም ለ56 ስታካፍሉ 12.5 ይመጣል። 12 ማይክሮፋራድ አደረግኩለት። ካሰርኩ በኋላ እንደገና ስለካው 14.4 የነበረው 8 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ይህን ቁጥር ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። አሁን ስሌቱ የሚለውና ዕቃው የሚያደርገው ተገናኙ።

ቱዊተሩንም በዚሁ መንገድ ለኩት፣ ግን ድምፁ በጣም ዝቅ ይበል፣ ከ500 ኸርዝ በታችም አትውረዱ። ከ500 እስከ 3000 ቀስ እያላችሁ ስትሄዱ ኦሙ ከፍ ብሎ የሚወርድበት ቦታ አለ። ሬዞናንሱ እሱ ነው።

ዕቃውን ማግኘት፣ ኮይሉን መጠምጠም

ካፓሲተር ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ያለው ተራ ኤሌክትሮላይት ብቻውን እንዳትጠቀሙ። ሙዚቃ አቅጣጫው ይቀያየራል፣ ያበላሸዋል። ሌላ ከጠፋ ሁለቱን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ ያኔ ዋጋቸው በግማሽ ይቀንሳል፣ ሁለት 10 አንድ 5 ይሆናሉ ማለት ነው። ለቱዊተሩ ግን የፕላስቲክ ፊልም የሆነውን፣ 100 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችለውን ፈልጉ። ለዞቤሉ ፖላሪቲ የሌለው ኤሌክትሮላይት ይበቃል። ከሞተ ስፒከር የተነቀለ አሮጌ ኤሌክትሮላይት ካገኛችሁ ሳትለኩ አትግጠሙ፣ ዕድሜና ሙቀት ያደርቀዋል፣ የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። እዚህ ካጣችሁ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ላኩ። ልክ 3.3 ካልተገኘ 2.2 እና 1 ጎን ለጎን ስታስሩ 3.2 ይሆናል፣ በቂ ነው።

ኮይሉን ግን አትግዙ፣ ጠምጥሙ። የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ቤቶች በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ አላቸው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ጠይቁ። ለአንድ ኮይል 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለሁለት ስፒከር አራት ኮይል ነው፣ በክብደት ከ600 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ከ32 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ ላይ ቁራጭ ቆርጣችሁ በሁለቱም ጫፍ የኮምፔንሳቶ ክብ በኮላ ለጥፉ፣ በመሀላቸው 20 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ይቅር። የብረት ቡሎን አታስገቡበት፣ ብረት መሀሉ ከገባ ቁጥሩ ይቀየራል። ከዚያ ሽቦውን ሳታላሉ፣ ጎን ለጎን እያስጠጋችሁ 170 ዙር ጠምጥሙ። ይሄ ሆን ብዬ ትንሽ ያበዛሁት ነው። 0.85 የሚመጣው 160 ዙር አካባቢ ላይ ነው። እየለካችሁ ትፈታላችሁ።

በምን ትለኩታላችሁ? በዚያው በ10 ኦም ሬዚስተርና በስልኩ። እዚህ አንድ የሚያምር ነገር አለ። በዚህ አሠራር በመክፈያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ኮይሉም ካፓሲተሩም ኦማቸው እኩል ነው፣ የዉፈሩም እጥፍ ነው። ስለዚህ በ3000 ኸርዝ 0.85 ኮይል 16 ኦም ያሳያል፣ 3.3 ካፓሲተርም 16 ኦም። ሬዚስተሩ ላይ 0.50 ቮልት ካለ ኮይሉ ላይ 0.80 መሆን አለበት። ከበለጠ ሁለት ሁለት ዙር ፍቱ። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ወይም በሸራ ወረቀት ፍቃችሁ ቀይ መዳቡ ካልታየ ስታኞው አይዝም፣ መለኪያውም ያታልላችኋል። ሲያልቅ በፋሼታ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

ማያያዙ

ሁሉንም በአንድ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ ደርድሩ። ሁለቱ ኮይሎች አጠገብ ለአጠገብ ተኝተው አይቀመጡ። አንዱ ከሌላው ድምፅ ይቀበላል፣ ሥራችሁ ሁሉ ገደል ይገባል። አንዱን አስተኙት፣ ሌላውን አቁሙት፣ በመሀላቸው ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ይኑር። ከዉፈሩ ማግኔትም አርቋቸው።

ከጀርባው ቀይ ተርሚናል ሁለት ሽቦ ይውጣ። የመጀመሪያው ወደ ዉፈር ነው። መጀመሪያ ኮይሉን ያልፋል፣ ከኮይሉ ሲወጣ 3.3 ካፓሲተሩ ወደ ጥቁር ይወርዳል፣ ሽቦው ቀጥሎ የዉፈሩ ቀይ ጋ ይገባል። ዞቤሉ ዉፈሩ ላይ ይጋደማል። ሁለተኛው ወደ ቱዊተር ነው። መጀመሪያ ካፓሲተሩን ያልፋል፣ ከዚያ ኮይሉ ወደ ጥቁር ይወርዳል። ቀጥሎ ድምፅ መቀነሻው ይመጣል። ቱዊተር አብዛኛውን ጊዜ ከዉፈር በላይ ይጮኻል፣ ካልተገራ ሲምባሉ ብቻ ይሰማል። ለ3 ዲሲቤል ቅነሳ 2.2 ኦም በተከታታይ፣ 20 ኦም ከቱዊተሩ ጎን ለጎን አድርጉ፣ ሁለቱም 10 ዋት። ለ6 ዲሲቤል 4 እና 8። የጋሼ 3 በቃው። ከ3 ጀምሩና ለሁለት ቀን የምታውቁትን የሰው ድምፅ አዳምጡ፣ ከዚያ ወስኑ።

አሁን ደግሞ ሰው የሚደነግጥበት ነገር። የቱዊተሩ ሽቦ ይገለበጣል። ከክሮስኦቨሩ የሚመጣው ቀይ የቱዊተሩ ኔጌቲቭ ላይ ይታሰራል። ስህተት አይደለም። በዚህ አሠራር በ3000 ኸርዝ ላይ የዉፈሩና የቱዊተሩ ድምፅ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ካልገለበጣችሁት ይጠፋፋሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። 3000 ኸርዝ ቶን በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱ፣ በቱዊተሩ ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ርቃችሁ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው የቱዊተሩን ሽቦ ይገልብጥ። በአንዱ አያያዝ ቶኑ በግልጽ ይጎላል፣ በሌላው ይሟሽሻል። የጎላው ትክክል ነው። የአዳማ ነፋስ መስኮት በሚያንኳኳበት ከሰዓት ይህን አትሞክሩ፣ ማታ ነው የሚሻለው።

አምፕ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የጀርባውን ሁለት ተርሚናል ለኩ። 6.5 አካባቢ፣ ማለትም የዉፈሩና የኮይሉ ድምር መሆን አለበት። ግማሽ ኦም ካሳየ አቁሙ! የቱዊተሩን ኮይል ከካፓሲተሩ በኋላ ሳይሆን በፊት፣ በቀጥታ ቀይና ጥቁሩ ላይ አጋድማችኋል፣ እንዲያ ከከፈታችሁት አምፑ ይሄዳል። ምንም ካላነበበ የዉፈሩ መስመር አንድ ቦታ ተቋርጧል።

ስለ ውጪው ኬብል ብዙ አልልም። 1.5 ስኩዌር የመብራት መዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.12 ኦም ብቻ ነው የሚጨምረው። ከዚያ በላይ ገንዘብ አታውጡ። ሽቦውን በምላጭ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም በመዳብ ተለብጦ ነው፣ ተዉት። ግራና ቀኝ ስፒከር በአንድ አቅጣጫ መታሰሩን እዩ፤ የዘፋኙ ድምፅ ከመሀል ካልመጣ አንዱ ተገልብጧል። ዉፈሩን አውጥታችሁ ስታስቀምጡ ደግሞ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። የከተማችን አቧራ ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ከዚያ የሚንጫጫውን ድምፅ ማንም አያጠራውም።

የጋሼ ስፒከር ከተሠራ ወራት አልፈዋል፣ ቱዊተሩ ያው ነው። ሳጥኑን ከመዝጋቴ በፊት ወረቀት ላይ የሁሉንም ዕቃ ዋጋ ጽፌ ውስጡ ለጥፌበታለሁ። እናንተም ለጥፉ። ከታች በትልቁ የጻፍኩት መስመር ይሄ ነው፦ «የቱዊተሩ ሽቦ የተገለበጠው ሆን ተብሎ ነው፣ እባክህ አታስተካክለው።»